ለአባባ ያስጌጥኩት ግድግዳ

ሐምሌ 26፣ መርሳ

አባባ እሺ አሉ!

እሺ ማለት እንኳ… «ከመስቀል በኋላ መጥቼ አንድ ሳምንት አይሻለሁ» ነው ያሉት። ከኋላቸው ወንድሜ አስፋው «አንድ ሳምንት ብለው ቁርጡን ይንገሯት፤ አለዚያ አትለቅዎትም» ሲል በስልኩ ሰማሁት። ድምፁን እንኳ ዝቅ አላደረገም። እውነቱን ነው፤ አልለቃቸውም።

ስንት ዘመን ለመንኩ! በሬዎቹን ለአስፋው ካስረከቡ ወዲህ ሥራቸው ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ተራራ ማየት ሆኗል። በሰኔ ጭቃ አዳልጧቸው ጉልበታቸው ተጎዳ። ከዚያ ደጋ ጤና ጣቢያ ለመድረስ በበቅሎ ሁለት ሰዓት ነው። እኔ ደግሞ ጤና ጣቢያው አጥሬ ማዶ ሆኖ፣ ሁለት ክፍልና ሳሎን ይዤ ብቻዬን እዞርበታለሁ። እማዬ ስትሞት አልደረስኩም፤ መንገዱ ተዘግቶ ነበር። አባባን ግን… ይሄን ሌላ ቀን እጽፈዋለሁ።

ሳሎን ስል ደግሞ አንድ የፕላስቲክ ወንበር፣ አንድ ካርቶን፣ አንድ መጥረጊያ። ጎረቤቴ ናጅዋ ትናንት ከበር ላይ ጠርታኝ የገዛ ድምጿ ሲመለስላት ደነገጠች። «ወላሂ ይሄ ቤት ሳይሆን ገደል ነው፤ ያስተጋባል» አለችኝ።

ስምንት ሳምንት አለኝ። አባባ ደጃፉን ሲያልፉ «እዚህማ ቤቴ ነው» እንዲሉ አደርጋለሁ። የፕላስቲክ አበባ አይገባም። የሚያብለጨልጭ ሶፋ አይገባም። ሁሉም ዕቃ ወይ ስሙን የማውቀው ሰው በእጁ የሠራው፣ ወይ ዕድሜ የጠገበ ይሆናል። ስልኬ ላይ ስንት የቤት ማሳመሪያ ቪዲዮ እንዳየሁ ብታውቁ! (ብታውቁ የምለው ማንን ነው? ደብተሩን መሰለኝ።)

ነሐሴ 2

ዝናብ። ከሥራ ቦታዬ፣ ከሲሪንቃ የዘር ምርምር ማዕከል ስመለስ በሰበስኩ። ቀኑን ሙሉ የማሽላ ዘር ስቆጥር ነው የዋልኩት፤ ስንቱ በቀለ፣ ስንቱ አልበቀለም። ዓይኔን ስጨፍን የሚታየኝ ማሽላ ነው።

አናጢው ዮናስ መጥቶ ሳሎኑን ለካ። ሦስት ጊዜ ለካው። ይቺን የምታህል ሳሎን! አራት በርጩማ፣ አንድ አግዳሚ ወንበር፣ የፎቶ ፍሬምና የግድግዳ መስቀያ አዘዝኩት፤ ሁሉም ያለ ሚስማር። «ያለ ሚስማር ከሆነ ብዙ ጊዜ መመላለሴ ነው» አለ። ተመላለስ አልኩት። ሥራ ወዳድ ሰው ደስ ይለኛል።

ነሐሴ 6

ግራና ሄጄ መጣሁ። እትዬ ከድጃን ለማግኘት አልተቸገርኩም፤ «ስፌት የሚሰፉት» ብዬ ስጠይቅ ሦስት ሰው አንድ ላይ ጠቆመኝ። ደጃፋቸው ላይ እግራቸውን ዘርግተው፣ ወስፌ በእጃቸው፣ አንድ ዘለላ ስንደዶ በከንፈራቸው ይዘው አገኘኋቸው።

«ትልቅ ሰፌድ እንዲሰፉልኝ ነው፤ ቀይና ጥቁር ያለበት» አልኳቸው።

«ስንት ሰው ነው ቤትሽ?»

«ብቻዬን ነኝ። ሰፌዱ ለግድግዳ ነው።»

ወስፌው ቆመ። «ለምን?»

«ለግድግዳ። ሳሎን ላይ ልሰቅለው።»

«ምን ሊበጠርበት?»

«ምንም። እንዲያምር ብዬ ነው።»

«ያ ረቢ! ልጄ፣ እኔ እኮ ሰፌድ ስሰፋ የሚገባበትን እህል እያሰብኩ ነው የማጠብቀው። ለጤፍ ሌላ ነው፤ ለማሽላ ሌላ ነው። ለግድግዳ ስንት አድርጌ ላጥብቀው?»

እንግዲያው ለጤፍ ይሁን አልኳቸው። «ይሁን፣ ምናልባት ግድግዳሽ ጤፍ ያመርት ይሆናል» ብለው እስኪያስላቸው ሳቁ። ባምና ሣር ግን አልሰፋም አሉ። አዲሱ ስንደዶ መስከረም ላይ ሲደርስ ሰፍተው ራሳቸው መርሳ ሊያመጡልኝ ተስማማን።

ባለቤታቸው ኡበይደላ ከማሳ ገቡ። ፊታቸው ጠቁሯል። ቀንበራቸው ተሰብሮባቸው ጎረቤት አርሶ እስኪጨርስ እየጠበቁ ነው የሚያርሱት። «ዝናቡ እኮ የኔን ቀንበር አይጠብቅም» አሉ። እትዬ ከድጃም «የሽንብራው እንኳ እንዳያመልጠን» አሉ። አንጀቴን በሉት። ከንፈሬን መጥጬ ወጣሁ።

ነሐሴ 11

ደጋ ወጥቼ ወረድኩ። እግሬ አልቋል፤ ግን ምን ይዤ እንደመጣሁ!

አባባ ቅዳሴ ላይ ነበሩ። ፍልሰታ ስለሆነ ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱት ከቀትር በኋላ ነው። በዚያ መሀል የአስፋውን ሚስት ጽጌን ይዤ ጎተራውን ስበረብር፣ የአባባ ቀንበር ከነጅራፉ ማዕዘን ላይ ተደግፎ አገኘሁት። የተገፋበት ቦታ አብረቅርቋል፤ የአርባ ዓመት የበሬ ጫንቃ ያለሰለሰው እንጨት ነው። እንዲህ ያለ ዕቃ ስልኬ ላይ እንኳ አላየሁም። «አስፋው አዲስ አስጠርቧል፤ ይሄ የወደቀ ዕቃ ነው፣ ውሰጂው» አለች ጽጌ።

ካፖርታቸውንም ወሰድኩ። ያ ካኪው፣ ከኔ በዕድሜ የሚበልጠው። ቀኝ ኪሱ ተቀዶ እማዬ በነጭ ክር ጠቅማዋለች፤ ካኪ ክር አጥታ ይሆን ወይስ ቸኩላ፣ እንጃ። ጽጌ አስፋው አዲስ ጃኬት እንደገዛላቸው ስትነግረኝ ልቤ ቆረጠ። ለማንም እንዳትናገር አስማልኳት። ሰርፕራይዝ ነው።

አባባ ሲመለሱ ዕቃውን ከአጥር ኋላ ደብቄው ነበር። ሲስሙኝ ጉንጫቸው ቀዝቅዞ ነበር።

ወልድያ ላይ ቀንበሩን ሚኒባሱ ጣሪያ ላይ ሲያስሩት ረዳቱ «እህት፣ በሬዎቹስ የት ይሳፈሩ?» አለኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ስልኬ ላይ ያለውን ፎቷቸውንም እዚያው አሳድጌ አሳጠብኩት፤ ትልቅ፣ የግማሽ በር ያህል።

ነሐሴ 14

አስፋው ደወለ።

«አባባ ካፖርቴ ጠፋ ብለው አገሩን እያመሱት ነው። ጎረቤቱን ሁሉ በሌባ ዓይን እያዩ ነው። ጽጌንም 'ለልዋጭ ሰጥተሽው ነው' ብለው ተቆጧት፤ እያለቀሰች ነው። አንቺ አላየሽውም?»

«አላየሁም» አልኩ።

«ጃኬቱን አልለብስም ብለው በዚህ ብርድ ጋቢ ደርበው ይንቀጠቀጣሉ።»

በጾም ዋሸሁ። ወይ እኔ! ልነግረው ነበር እኮ፣ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን መስቀል ምን ቀረው? ሲያዩት ይረሱታል። ጽጌን ነጠላ ገዝቼ እክሳታለሁ።

ነሐሴ 20

ሐራ፣ ዓሪፍ ዘንድ። ዓሪፍ አሮጌ ዕቃ ከየገጠሩ እየለቀመ የሚሸጥ ሰውዬ ነው፤ ሱቁ ውስጥ ለመቆም አንድ እግር ማንሳት ያስፈልጋል። አንድ ፋኖስ፣ አንድ አፉ የተሸረፈ እንስራ፣ አንድ በቆዳ የተለበጠ ራዲዮ መረጥኩ።

«ይናገራል?» አልኩት ራዲዮውን።

«እህቴ፣ አልዋሽሽም፣ አይናገርም። ግን ሲያዩት ሊናገር የመጣ ይመስላል።»

ወሰድኩት። እንዲህ ያለ ሐቀኛ ሻጭ ከየት ይገኛል?

ነሐሴ 29

ችኮላ። መጋረጃው ደረሰ። ናጅዋ ዳርዳሩን በእጇ ጠልፋዋለች፣ ማሻአላህ በሉ። እንስራው ውስጥ ከሲሪንቃ ያመጣሁትን የማሽላ ራስ ሰካሁበት። ዮናስ ሁለት በርጩማ አመጣ። የበሩን ማጠፊያም ዘይት ቀባው። ሳልጠይቀው።

ጳጉሜን 3

ዮናስ መጣ። ማጠፊያውን ዘይት ሊቀባ። ባለፈው የተቀባው መሰለኝ።

መስከረም 4

ጨረስኩ! ግድግዳዬ አለቀ!

መሀል ላይ የአባባ ፎቶ፣ ዮናስ በሠራው ጥቁር ፍሬም። ከፎቶው በላይ ቀንበሩ አግድም። በቀኝ በኩል በእንጨት መስቀያው ላይ ካፖርቱ፣ እጅጌዎቹን አስተካክዬ። በግራ ጅራፉ ተጠምዝዞ። ከሥር አንድ በርጩማ ላይ ነጭ ጨርቅ አንጥፌ ፋኖሱን አስቀመጥኩ፤ በሁለቱም ጎን አበባ። አደይ አበባ ነው፣ ዘንድሮ እንዴት ወጥቷል መሰላችሁ። ፋኖሱን ለኩሼ ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ።

አለቀስኩ። ለምን እንደሆነ እንጃ። ስለሚያምር ነው።

መስከረም 8

ናጅዋ ገብታ ግድግዳውን ስታይ እጇን አፏ ላይ አደረገች። እውነትም ያምራል።

«ናርዶስ… አባትሽ ደህና ናቸው?»

«ደህና ናቸው። ምነው?»

«አይ፣ አልሐምዱሊላህ» ብላ ሹልክ አለች። ቡና እንኳ አልጠጣችም።

ከሰዓት በኋላ ደግሞ የእድሩ ሴቶች፣ እነ ወይዘሮ አለሚቱ፣ አራት ሆነው መጡ። ለአዲስ አባል እንኳን ደህና መጣሽ ሊሉ ነው። በሩ ላይ ሲደርሱ ወሬያቸውን አቆሙ፤ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ አንገታቸውን ደፍተው ግድግዳውን ተከትለው ተቀመጡ። ሩብ ሰዓት ያህል ማንም አልተናገረም። ጨዋ ሰዎች ናቸው። ወይዘሮ አለሚቱ እጄን ይዘው «ብቻሽን ቻልሽው» አሉኝ፤ እኔም «ምን ላድርግ፣ ዮናስ ረዳኝ» አልኳቸው። ሲወጡ አንድ ትሪ ሙሉ የስንዴና የሽንብራ ንፍሮ አስመጡልኝ።

ለቤት ምርቃት ንፍሮ! የመርሳ ሰው ደግነት! ሁሉንም በላሁት።

መስከረም 12

ዮናስ የመጨረሻውን በርጩማ አመጣ። ግድግዳውን አየ፣ ኮፍያውን አወለቀ፣ መልሶ አደረገ።

«አባትሽ… ደህና ናቸው አይደል?»

«ምን ይሆናሉ!»

«አይ፣ ፎቶው ምናልባት ወደዚያ ጥግ ቢሆን… ፋኖሱም ከሥሩ ባይሆን…»

«አናጢ ነህ ወይስ ቤት አስጌጭ?» አልኩት። ፊቱ ቀላ። ዘይቱን ትቶት ሄደ። ሰው ሁሉ የአባባን ጤና ለምን እንደሚጠይቀኝ አይገባኝም። ዮናስን ግን ባልቆጣው ጥሩ ነበር።

መስከረም 19

እንዴት አድርጌ እንደምጽፈው አላውቅም። መሳቅም አምሮኛል፣ ደግሞም መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ይለኛል።

አባባን ከወልድያ በሚኒባስ ይዣቸው መጣሁ። ምርኩዛቸውን ይዘው፣ በዚህ ቆላ ሙቀት ጋቢ ደርበው። መንገዱን ሁሉ ስለ ካፖርቱ ነገሩኝ። ዓይኔን መንገዱ ላይ ተከልኩ። በሩ ላይ ናጅዋና ዮናስ ቆመው ነበር። ቀድሜ ገብቼ ፋኖሱን ለኮስኩ። «ይግቡ አባባ» ብዬ መጋረጃውን ከፈትኩ።

አንድ እርምጃ ገቡ። ቆሙ። ግድግዳውን ከላይ እስከ ታች አዩት። ቀስ ብለው ኮፍያቸውን አወለቁ።

ያኔ ነው የገባኝ። ኮፍያው ከራሳቸው ላይ ሲነሳ አየሁት፤ ወዲያው ግድግዳውን በእሳቸው ዓይን አየሁት። ፎቶ፣ ጥቁር ፍሬም፣ የሰውዬው ልብስ፣ የሰውዬው መሣሪያ፣ መብራት፣ አበባ። ለቅሶ! የስንቱን ለቅሶ ተቀምጬ፣ የሟች ዕቃ እንዴት እንደሚደረደር ከልጅነቴ እያየሁ፣ የገዛ አባቴን በቁማቸው ደርድሬያቸዋለሁ። ንፍሮውን! የራሴን አባት ንፍሮ በልቼ ትሪውን አጥቤ መለስኩ!

«ማን ነው የሞተው?» አሉ አባባ።

«ማንም አልሞተም አባባ! እኔ እኮ ቤቱን…»

«እኔ ነኝ ማለት ነው።» ጠጋ ብለው የካፖርቱን ኪስ ዳሰሱ። «ካፖርቴን ፍለጋ አገር ለአገር ዞሬ፣ ጎረቤቴን ሌባ ብዬ፣ ጽጌን ያህል ልጅ አስለቅሼ፣ ለካ እዚህ ለቅሶዬ ላይ ተሰቅሏል።»

ናጅዋ ከኋላዬ «ልነግርሽ ነበር እኮ፣ ወላሂ፣ ሦስት ቀን ልነግርሽ እየመጣሁ ተመለስኩ» አለች። ዮናስ ፋኖሱን እፍ ብሎ አጠፋው።

ይሄ ሳያንስ እትዬ ከድጃ ሰፌዱን ይዘው ከግራና ደረሱ። ቀይና ጥቁር፣ እንደ ጨረቃ ክብ። «አሰላሙ አለይኩም» ብለው ገብተው ሰፌዱን እንኳ ሳያስቀምጡ ዓይናቸው ቀንበሩ ላይ አረፈ።

«ቢስሚላህ! እንዲህ ያለ ቀንበር ግድግዳ ላይ አለሽ? እኔ ቀንበር ተሰበረብን ስልሽ ከንፈርሽን መጠሽ የሄድሽው?»

እግዜር ያውቃል፣ አንድም ቀን ትዝ አላለኝም። ቀንበሩን ያመጣሁት በአምስተኛው ቀን ነው። ሁለቱን ነገር አንድ ላይ አላሰብኩትም። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

አባባ ግን ዞር አሉ። «የማን ቀንበር ነው የተሰበረው?»

«የባለቤቴ ነው፣ አባቴ። የሽንብራ እርሻ ላይ ነን፣ ሰው እየለመንን።»

«በሬዎቹ ቁመታቸው እኩል ነው?»

«አንዱ ትንሽ ከፍ ይላል።»

«እም» አሉ አባባ። እትዬ ከድጃ ሲሄዱ በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ ጀርባቸውን ለግድግዳው ሰጥተው፣ የራዲዮውን ቁልፍ አዞሩ። ዝም። እንስራውን በምርኩዛቸው ነካ አደረጉ። ማሽላው ተንኮሻኮሸ።

«ናርዶስ፣ እዚህ ቤት ያለው ሁሉ ሥራ የፈታ ነው። ራዲዮው አያወራ፣ እንስራው ውኃ አይዝ፣ ቀንበሩ በሬ የለው። አሁን ደግሞ እኔን አመጣሽኝ። እኔን የቱ ጋ ልትሰቅይኝ ነው?»

አበባውን ከበርጩማው ላይ አነሳሁ።

«ነገ ጠዋት እሄዳለሁ» አሉ።

እራት ግን በሉ። ሁለት ጊዜ አስጨመሩ።

መስከረም 20፣ መናኸሪያ

ጠዋት ስነሳ አልጋቸው ተነጥፏል። ግድግዳው ላይ ከፎቶውና ከባዶው መስቀያ በቀር ምንም የለም። ካፖርቱ የለም፣ ቀንበሩ የለም፣ ጅራፉ የለም። ሮጬ መጣሁ። የወልድያው የመጀመሪያ መኪና ወጥቷል። ሁለተኛው እስኪሞላ እየጠበቅኩ ጉልበቴ ላይ ነው የምጽፈው።

ሄዱ። ስምንት ሳምንት ለፍቼ ባንድ ምሽት አባረርኳቸው።

መንገዱ ተዘግቶ ነበር እያልኩ ነው ሦስት ዓመት ሙሉ የኖርኩት። ይኸው ልጻፈው። አስፋው የደወለው ሰኞ ነው። «እማዬ ደክማለች፣ ነይ» አለኝ። ሰኞ መንገዱ ክፍት ነበር። የዘር ቆጠራ ነበረብኝ፤ ነገ እመጣለሁ አልኩ። መንገዱ የተዘጋው ማክሰኞ ነው። እማዬን ትቼ ማሽላ ቆጠርኩ። ለዚህ ነው ያ ሁሉ ሰፌድ፣ ያ ሁሉ መጋረጃ። አባባ በሩ ላይ ቆመው «ጎበዝ ልጄ» ቢሉኝ የሚቀለኝ መስሎኝ ነው።

ረዳቱ እየጠራኝ ነው። ያ «በሬዎቹስ» ያለኝ ረዳት።

መስከረም 20፣ ከሰዓት በኋላ

«እህት» አለኝ ረዳቱ፣ «ቀንበርሽን ዛሬ አንድ ሽማግሌ ይዘውት አየሁ። በዚህ ሙቀት ካፖርት ለብሰው!»

«ወደ ወልድያ?»

«ኧረ ወደ ግራና። ቀንበሩን የተሸከመላቸው ያ አናጢው ነው።»

ግራና እንዴት እንደደረስኩ አላስታውስም። ከእትዬ ከድጃ ቤት በታች ማሳው ላይ አገኘኋቸው። ኡበይደላ ሁለት በሬ ጠምደው ያርሳሉ። ዮናስ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ እንጨት ይጠርባል፤ ከፍ ላለው በሬ የሚስማማ ሌላ ማነቆ፣ አንገቱን የሚይዘውን የቀንበር እንጨት፣ እያዘጋጀ ነው። አባባ ድንበሩ ላይ እግራቸውን ዘርግተው «ሳብ አድርገው! ቀኙን! ቀኙን ነው የምልህ!» እያሉ ይጮሃሉ። ጀርባቸው የሃያ ዓመት ጎረምሳ ጀርባ መስሏል። ካፖርቱ አጠገባቸው ያለች ግራር ላይ ተንጠልጥሏል።

«ነይ» አሉኝ። «ቀንበርሽ ሥራ አገኘ።»

አጠገባቸው ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። አላፈርኩም። ሰኞ መንገዱ ክፍት እንደነበር ነገርኳቸው። ዘሩን፣ ቆጠራውን፣ ሁሉንም።

«አውቃለሁ» አሉ።

«እንዴት ያውቃሉ?»

«አስፋው ያኔውኑ ነግሮኛል።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉኝ?»

«አንቺ እስክትነግሪኝ ነዋ። እኔ ብጠይቅሽ መልስ ትሰጪኛለሽ እንጂ አታወጪውም ነበር።» ምርኩዛቸውን አፈሩ ላይ ተከሉ። «እናትሽ 'ናርዶስ ሥራዋን ጨርሳ ትምጣ፣ አታጣድፏት' ነው ያለችው። እኔም ነገሩን ባነሳው ትቀየሚያለሽ ብዬ አልነገርኩሽም። ሁለታችንም ሞኞች ነን።»

ካፖርቱን ከግራሯ አውርጄ ሰጠኋቸው። ነጩን ክር በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። «ብርዱንማ ጃኬቱም ይከለክለኝ ነበር» አሉ።

እትዬ ከድጃ ምሳ ይዘው መጡ። የኛ ጾም ያልሆነ ቀን ስለሆነ እርጎም ነበረበት። ቀንበሩ ለዚህ የሽንብራ እርሻ ብቻ ሳይሆን እስከወደዱት ድረስ እዚያው እንዲቆይ አባባ ወሰኑ። ኡበይደላ «አላህ ዕድሜ ይስጥዎት» ሲሉ፣ አባባ «እሱንማ ደግመህ መርቀኝ፤ ቀብሬን ጨርሳ የጠበቀችኝ ልጅ አለችኝ» አሉ። ማሳው ሁሉ በሳቅ ሞላ። ይሄ ወሬ ከግራና እስከ ወልድያ እንደሚያስቅብኝ ታወቀኝ። ማታ አባባን ይዤ ወደ መርሳ ተመለስኩ።

መስከረም 23

አባባ ዮናስን «በርጩማህ አንድ እግሩ ያጥራል» አሉት። አያጥርም አለ። ውኃ የሞላ ብርጭቆ አስቀመጡበት። አጥሯል። አሁን ጠዋት ጠዋት ካፖርታቸውን ለብሰው የዮናስ ሥራ ቦታ ይወርዳሉ። የአካፋና የመጥረቢያ እጀታ እየጠረቡ ነው። ይሸጣል። ወደ ቤት የሚሸኛቸው ዮናስ ነው፤ ጉልበታቸውን እንዳያማቸው ብሎ።

ሰፌዱን ገና ሳልሰቅለው ወስደው ጤፍ አበጠሩበት። «አንድ ፍሬ አላፈሰሰም» አሉ። ይሄን ለእትዬ ከድጃ በስልክ ስነግራቸው እልል አሉ።

መስከረም 26

ሳምንቱ ዛሬ ሞላ። ማንም አላነሳውም። እኔም አላነሳሁም። ትንፋሼን ይዤ ዋልኩ።

ወይዘሮ አለሚቱ በመንገድ ሲያልፉ አባባን በር ላይ ቆመው አዩአቸው። ነጠላቸውን በአፋቸው ላይ አደረጉ። «እሰይ! እሰይ! በሕይወት አሉ? ንፍሮ እኮ አምጥተን…»

«ሰምቻለሁ» አሉ አባባ። «የገዛ ንፍሮዬን ሳልቀምሰው በላችው። በሉ አሁን ሌላ አምጡ፣ ባለቤቱ ይብላው።»

ነገ ያመጣሉ። ድንኳን እንዳያመጡ ብቻ።

ጥቅምት 1

ራዲዮው ተናገረ! አባባ ከፍተው የዛገውን በመላጫ ፍቀው አዲስ ድንጋይ አደረጉበት። መጀመሪያ ተንጫጫ፤ ቀጥሎ የበቆሎ ዋጋ ነገረን። ለዓሪፍ ሐራ ድረስ ደወልኩለት። «ብዬሽ አልነበር፣ ሊናገር የመጣ ይመስላል!» አለኝ። ሐቀኛ ሰው።

አስፋው ደውሎ «መቼ ነው የሚመለሱት?» አለ። አባባ ስልኩን ተቀብለው «የአናጢው በርጩማ ሳይስተካከል የት እሄዳለሁ?» አሉት። ጽጌንም አስጠርተው ይቅርታ ጠየቋት። ሽማግሌ ሰው በስልክ ይቅርታ ሲጠይቅ መስማት እንዴት ያሳፍራል፣ ጥፋተኛዋ አጠገባቸው ተቀምጣ።

በርጩማዎቹ የተስተካከሉት ባለፈው ሳምንት ነው። አልተናገርኩም።

ጥቅምት 4

ዮናስ ማጠፊያውን ዘይት ሊቀባ መጣ። አባባ ራዲዮውን ዝቅ አድርገው «አንተ ልጅ፣ ይሄ ማጠፊያ ስንት ጊዜ ዘይት ይጠጣል?» አሉት። ጆሮው ሁሉ ቀላ። እኔ ወጥ ላማስል ገባሁ። ምድጃው ላይ ወጥ አልነበረም።

ጥቅምት 7

ዛሬ ከሲሪንቃ አምሽቼ ተመለስኩ። ቤቱ ጭር ብሏል። ራዲዮው ጠፍቷል። አባባ ብዬ ጠራሁ፤ መልስ የለም። ያ የመናኸሪያው ፍርሃት መጣብኝ፤ ሄዱ አልኩ።

ቀና ብዬ ግድግዳዬን አየሁ። ፎቶውን ራሳቸው አውርደውታል፤ «በቁሜ እያየሽኝ ፎቶ ምን ያደርግልሻል» ብለው። ቀንበሩ ግራና ነው። ጅራፉን የኡበይደላ በሬዎች ያውቁታል። ፋኖሱ መብራት ሲጠፋ ከክፍል ክፍል ይዞራል። ስምንት ሳምንት ከለፋሁበት ግድግዳ የቀረው አንድ የእንጨት መስቀያ ነው።

መስቀያው ላይ ካፖርቱ አለ። ትከሻው ላይ የእንጨት ፍቅፋቂ፣ ኪሱ ላይ ነጭ ክር።

ሲወጡ ይለብሱታል፣ ሲገቡ እዚያው ይሰቅሉታል። ከጓዳ በኩል ማንኮራፋት ተሰማኝ።

ካፖርቱ ግድግዳው ላይ ነው። አባባ ቤት ናቸው።